በሂንዱ የጾም ቀን የሚቀርብ የከሙን ድንች አሠራር

በሰሜንና በምዕራብ ሕንድ የጾም ቀን በደረሰ ቁጥር በብዙ የሂንዱ ቤተሰቦች ምድጃ ላይ ቀድሞ የሚጣደው ድንች ነው። የጾሙም ቀን ጥቂት አይደለም፤ ጨረቃ ከተወለደችበትና ከሞላችበት ተቆጥሮ በአሥራ አንደኛው ቀን የሚውለው ኤካዳሺ በወር ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ማሃ ሺቫራትሪ አለ፤ ለእንስት አምላክ ለዱርጋ ክብር የሚጾመው ዘጠኝ ሌሊት የሚፈጀው ናቫራትሪ ደግሞ አንዴ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ አንዴም በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ይውላል። በእነዚህ ቀኖች ውሃ እንኳ ሳይቀምስ የሚውል ጿሚ አለ፤ ፍራፍሬና ወተት ብቻ የሚወስድም አለ፤ ብዙዎች ግን ከእህልና ከጥራጥሬ ተከልክለው ለጾም የተፈቀደውን ምግብ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይመገባሉ። ድንቹ የሚዘጋጀው ለእነዚህ ነው።

ይህ መመሪያ ለሂንዱ ጾመኛ ምግብ ማብሰል ለሚገጥመው አማርኛ አንባቢ የተዘጋጀ ነው። በዱባይ ወይም በሙስካት በሕንዳውያን ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ሕንዳዊ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ያላቸው ሰዎች፣ እንዲሁም በአገር ቤት ሕንዳዊ እንግዳ የሚቀበሉ ሁሉ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የአሠራሩ ዋና መስመር አጭር ነው፤ ድንቹ ይቀቀላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም በንጥር ቅቤና በከሙን ይጠበሳል። ይሁን እንጂ ለጾመኛ የሚያበስል ሰው ከምግቡ ጋር የጾመኛውን ሥርዓት ጭምር ተረክቧል፤ ከልማድ ብቻ ጣል የተደረገ አንድ ማንኪያ ተራ ጨው ቀኑን ሙሉ በጥንቃቄ የተጠበቀውን ጾም ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ ከድንቹ አስቀድሞ ስለ ሥርዓቱ መናገር የግድ ነው።

ድስት ከመጣዱ በፊት የሚጠየቀው

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ላደገ ሰው ጾም ማለት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መታቀብ ሲሆን፣ እንጀራው፣ ሽሮውና ምስሩ ከማዕዱ አይጎድሉም። የሂንዱ ጾም በዚህ ረገድ የተገላቢጦሽ ነው ማለት ይቻላል። ስንዴ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ይከለከላሉ፤ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ግን ንጹሕ ምግብ ተብለው ይፈቀዳሉ። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል አይነኩም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ስሜትን ያነሣሣሉ፣ አእምሮንም ያከብዳሉ ተብሎ ስለሚታመን ወደ ድስቱ አይገቡም። በመሆኑም «የጾም ነውና ይበላዋል» ብሎ ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ሠርቶ ማቅረብ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ለጿሚው የሚቀመስ ነገር አይሆንለትም።

ድንች የተፈቀደው ከእህልም ከጥራጥሬም ስላልሆነ ነው። በጥንታዊው የሂንዱ አስተሳሰብ በጫካ የሚኖሩ ባሕታውያን የሚመገቡት ፍራፍሬ፣ ሥርና ከመሬት የሚቆፈር ኮረት ለጾም ተስማሚ ተደርጎ ይቆጠራል። ድንች ራሱ ለሕንድ እንግዳ ሰብል ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በፖርቱጋል ነጋዴዎች በኩል በምዕራቡ ጠረፍ የገባ ሲሆን፣ ከመሬት በታች የሚያፈራ በመሆኑ ከእነዚያ ከተፈቀዱት ጋር ተቆጠረ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በጉጃራትና በሙምባይ ከሂንዱዎች ጋር ተጎራብተው የሚኖሩት ጃይኖች የሌላ እምነት ተከታዮች በመሆናቸው ሥርዓታቸው የተለየ ነው፤ ሥርዓቱን አጥብቀው የሚይዙት ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ነገር በጾምም ሆነ በፍስክ አይበሉምና ይህ ምግብ ለእነርሱ አይቀርብም።

የጾሙ ዝርዝር ከክልል ወደ ክልል፣ ከቤተሰብም ወደ ቤተሰብ ስለሚለያይ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት በአክብሮት መጠየቅ ነው። በማሃራሽትራና በጉጃራት ኦቾሎኒ የጾም ምግብ ዋና አካል ነው። በሰሜን ሕንድ ብዙ ቤቶች እርድ አይጨምሩም፤ ቲማቲም ግን ይፈቅዳሉ። ኤካዳሺን አጥብቀው ከሚጠብቁ የቪሽኑ አምላክ ተከታዮች መካከል ከሙንን ጭምር ትተው በዝንጅብልና በቁንዶ በርበሬ ብቻ የሚያበስሉ አሉ። ሰናፍጭና የሰናፍጭ ዘይት በብዙ ቤት አይፈለጉም፤ ሒንግ የሚባለው ሽታው የበረታ ሙጫም ለገበያ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ስለሆነ መተው ይሻላል። ጨውን ጨርሶ የማይቀምሱም አሉ። ስለዚህ «ዛሬ ጨው ይገባል ወይ? ከሙን፣ ቃሪያ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ኦቾሎኒስ? ምግቡ አስቀድሞ ለአምላክ ይቀርባል ወይ? የሚበላውስ በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ለእናት ወይም ለአያት ማቅረብ ተገቢ ነው። በሕንድ ቤት እንደ እኛው ሁሉ የወጥ ቤቱን ሥርዓት የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ትልልቆቹ ሴቶች ናቸው፤ በመጠየቃቸውም ይደሰታሉ እንጂ አይከፋቸውም።

የዕቃው ንጽሕና

ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ሽንኩርት የተሠራበት ድስት፣ ማማሰያና መክተፊያ በሚገባ ሳይታጠብ ለጾም ምግብ አይውልም፤ ጠንቃቃ በሆኑ ቤቶችማ ለጾም ቀን ብቻ የተለየ ዕቃ ይቀመጣል። የእንጨት መክተፊያ የነጭ ሽንኩርት ሽታን በቀላሉ አይለቅምና በሰሐን ላይ መክተፍ ወይም አዲስ መክተፊያ መጠቀም ያዋጣል። በብዙ ቤቶች ምግብ አብሳይዋ ገላዋን ታጥባና ንጹሕ ልብስ ለብሳ ነው ወደ ምድጃ የምትቀርበው። ቀደም ሲል ምግብ የተጠበሰበት ዘይት ለጾም ምግብ አይደገምም፤ በውስጡ የሽምብራ ዱቄት ወይም ሽንኩርት ቀርቶ ሊሆን ይችላልና።

ለአራት ሰው የሚበቃ መጠን

መካከለኛ መጠን ያለው ድንች 1 ኪሎ፣ ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ያልተፈጨ ከሙን 2 የሻይ ማንኪያ፣ ቃሪያ 2 ፍሬ፣ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዝንጅብል፣ የላመ የጾም ጨው 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ኦቾሎኒ 70 ግራም፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል ያዘጋጁ። ቤተሰቡ የማይቀበለው ነገር ካለ በሌላ ሳይተኩ ብቻ ያስቀሩት። ድንቹ፣ ቅቤውና ጨው እስካሉ ድረስ ምግቡ ምግብ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ጨው ነው። ለጾም የሚፈቀደው ሕንዶች ሴንዳ ነመክ የሚሉት ከዓለት ተቆፍሮ የሚወጣ ጨው ነው፤ በፓኪስታን ፑንጃብ የሚገኘው የኬውራ የጨው ማዕድን ስመ ጥር ምንጩ ነው። ቀለሙ ነጭ ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላ ሲሆን፣ በሕንድ መደብሮች ሁሉ በድብልብሉም ሆነ ተፈጭቶ ይሸጣል። በየዕለቱ የምንጠቀምበት በፋብሪካ የተጣራና አዮዲን የተጨመረበት ጨው በጾም ቀን አይገባም። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ያልተጣራ በመሆኑ የሚቀራረብ ይመስላል፤ ነገር ግን የጨው ጉዳይ ለጿሚው የእምነት ጉዳይ ስለሆነ ሳይጠይቁ መተካት አይገባም። ድብልብሉን ጨው ከገዙ በሙቀጫ አልመው ይስፈሩት፤ ሻካራው ጨው በማንኪያው ውስጥ ክፍተት ስለሚተው በአንድ ማንኪያ የሚይዘው ክብደት ያነሰ ነው።

ልኩን ማወቅ እዚህ ከሌላው ምግብ ይልቅ ያስፈልጋል። ምግቡ ለአምላክ የሚቀርብ ከሆነ አብሳይዋ አስቀድማ አትቀምሰውም፤ በአፍ የተነካ ምግብ ለመሥዋዕት አይቀርብምና። ጿሚ ሆና የምታበስል ሴትም ሰዓቱ ሳይደርስ አትቀምስም። እኛ በመዳፋችን ጠብ አድርገን እየቀመስን የምናስተካክለውን ጨው እነርሱ በስፍር ብቻ ማስተካከል አለባቸው። ለአንድ ኪሎ ድንች 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ የላመ ጨው ማንንም የማያስቀይም ልክ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚፈልግ በማዕድ ላይ ይጨምራል።

ሁለተኛው ቅቤ ነው። ኢትዮጵያዊት እናት በጥንቃቄ ያነጠረችው ቅቤ መዓዛው የሚያስደስት ቢሆንም ለዚህ ምግብ አይሆንም፤ ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ ብቻ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ እርድና አብሽ ገብተውበታልና። ከአገር ቤት የተላከ ቅቤ በእጃቸው ያለ ሁሉ ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ሕንዶች ጊ የሚሉት ቅቤ ምንም ያልተጨመረበት ነው፤ ካልተገኘም በቤት ለመሥራት አያስቸግርም። 500 ግራም ጨው የሌለበት ቅቤ ወፍራም ታች ባለው ድስት ላይ አድርገው በዝግተኛ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያቆዩት። መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ከዚያ ውሃው እየተነነ ይንጫጫል፤ ድምፁ ጸጥ ሲል፣ ከታች የረጋው አንጓሎ ወርቃማ ሲመስልና ከላይ ያለው ጥርት ብሎ የድስቱ ወለል ሲታይ ከእሳት አውርደው በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥሉት። 400 ግራም ገደማ ይወጣዋል። ቅቤ የማይወስድ ቤተሰብ ካለ አዲስ የኦቾሎኒ ዘይት ይተካዋል።

ድንቹን መምረጥና መቀቀል

ለዚህ አሠራር ሲቀቀል የማይፈርስ፣ ልጡ ለስላሳና ስስ የሆነ ድንች ይመረጣል። አረንጓዴ የሆነውን ክፍል በወፍራሙ ቆርጠው ይጣሉ፤ የበቀለውን ዓይንም ነቅለው ያውጡ፤ በእነዚህ ቦታዎች ሶላኒን የሚባል መራራና የሚጎዳ ንጥረ ነገር ይከማቻል። አረንጓዴነቱ ድንቹን በሙሉ ካዳረሰው ግን ድንቹን መተው ነው።

ጥሬ ድንች በማቀዝቀዣ ውስጥ አይቀመጥ። ድንች በብርድ ሲቆይ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ሲጠበስም ውስጡ ሳይሞቅ ላዩ ይጠቁራል። ይህ በሕንድ በየዓመቱ የሚታይ ነገር ነው። በሰሜኑ ሜዳ፣ በተለይ በድንች ምርት ቀዳሚ በሆነው በኡታር ፕራዴሽ፣ ድንች የሚሰበሰበው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የመጋቢቱ ናቫራትሪ አዲስ ድንች ያገኛል፣ የመስከረሙ ግን በቀዝቃዛ መጋዘን ወራት የቆየውን ይጠቀማል። መጋዘን የቆየ ድንች ከገጠመዎት ጣዕሙ ጣፈጥ ስለሚል ሎሚውን በጥቂቱ ያበርክቱት፣ እሳቱንም ከተለመደው ዝቅ ያድርጉት።

ድንቹን ከነልጡ በሚገባ አጥበው በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዱት። በፈላ ውሃ ላይ ከተጨመረ ላዩ ቀድሞ ይበስልና ሲፈራርስ ልቡ ጥሬ ይቀራል፤ ከቀዝቃዛው ከተነሣ ግን ከዳር እስከ ልብ በእኩል ይበስላል። ከፈላ በኋላ መካከለኛው ድንች ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በሕንድ ቤቶች የሚዘወተረው የግፊት ድስት ከተገኘ ሁለት ወይም ሦስት ፉጨት ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ሆነው የሚያበስሉ ግን ከፍታው ወደ 2,350 ሜትር በመሆኑ ውሃው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ አሥር ደቂቃ ያህል መጨመር ሊኖርባቸው ይችላል። ቢላዋ ሲወጋበት ያለ ችግር ገብቶ መሐሉ ላይ ሲደርስ ትንሽ የሚታገል ከሆነ ያን ጊዜ ማውጣት ነው፤ ቀሪው በራሱ ሙቀት ይበስላል። ልጡ እስኪሰነጠቅ የቆየ ድንች ለፍትፍት እንጂ ለጥብስ አይሆንም።

ውሃውን አጥልለው ድንቹን በሰፊ ሰሐን ላይ ዘርግተው ያቀዝቅዙት። ይህን ደረጃ መዝለል የምግቡን መልክ ያበላሻል። ትኩስ ድንች ሲቆረጥ ይሟሟል፤ በቅቤ ሲገባም ወደ ገንፎነት ያዘነብላል። ሲቀዘቅዝ ግን ስታርቹ ይጠነክራል፣ ላዩ ይደርቃል፣ በምጣዱ ላይም ያለ ችግር ቅርፊት ይሠራል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ጊዜ ካለ ማታ ቀቅሎ በማቀዝቀዣ ማሳደር የተሻለ ነው። የበሰለ ምግብ ያደረበትን በጾም የማይቀበሉ ቤቶች ስላሉ ግን ይህንንም ይጠይቁ። ከቀዘቀዘ በኋላ ልጡን በእጅ ገፈው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል በሚሆን ኩብ ይቁረጡት።

ድንቹ እስኪቀዘቅዝ ኦቾሎኒውን ያለ ዘይት በምጣድ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ያህል እያገላበጡ ይቁሉት፤ በእጅ አሽተው ገለባውን ያበጥሩና በሙቀጫ ሸክሸክ ያድርጉት። ዱቄት መሆን የለበትም፤ ጥርስ የሚያገኘው ፍርካሽ ነው የሚፈለገው። ዝንጅብሉን ልጠው በቀጭኑ ይክተፉ፤ ቃሪያውን በቁመቱ ሰንጥቀው እንደ ልጆቹ ብዛት ፍሬውን ያውጡ ወይም ይተዉት።

ከሙኑን በቅቤ ማንቃት

የምግቡ መዓዛ የሚወሰነው በዚህች ከአንድ ደቂቃ በማትበልጥ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የተከተፈው ሁሉ እጅ ላይ ሳይደርስ እሳቱ አይለኮስ። ሰፊና ወፍራም ምጣድ ወይም የብረት መጥበሻ በመካከለኛ እሳት ያሙቁ፤ ቅቤውን ጨምረው ይጠብቁ። ቅቤው ለመድረሱ ማስረጃው አንዲት የከሙን ፍሬ ናት። ጣል ሲያደርጓት ወደ ታች ሰጥማ ዝም ካለች ገና ነው፤ ወዲያው በዙሪያዋ ጥቃቅን አረፋ አውጥታ እየተሽከረከረች ከተንሳፈፈች ጊዜው ነው፤ ወዲያው ከጠቆረች ግን ቅቤው ከልክ በላይ ሞቋልና ምጣዱን ከእሳት አንሥተው ትንሽ ያብርዱት።

ከሙኑን በሙሉ ያፍሱበት። መጀመሪያ ጥሬ፣ እንደ ደረቅ ሣር ያለ ሽታ ይሰጣል፤ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ሽታው ይለወጥና ወደ ተቆላ ለውዝ ያደላል፤ ቀለሙም ከነበረው አንድ እርከን ይጠቁራል። እዚያ ላይ ዝንጅብሉንና ቃሪያውን ይጨምሩ። በውስጣቸው ያለው እርጥበት ቅቤውን ስለሚያበርደው ከሙኑ ከማረር ይድናል። ቃሪያው ከቅቤው ጋር ሲገናኝ ይንጣጣልና ፊትን ዞር ማድረግ ያሻል። ከሙኑ ካረረ ምሬቱ በምንም አይሸፈንም፤ ቅቤውን ደፍቶ እንደገና መጀመር ብቸኛው መፍትሔ ነው። ሃያና ሠላሳ ሰከንድ ካቆዩ በኋላ ድንቹን ይጨምሩ።

መጥበስ

ድንቹን ከቅቤው ጋር አንድ ጊዜ በደንብ ካዋሐዱ በኋላ በምጣዱ ላይ በአንድ ረድፍ ያሰራጩትና ይተዉት። ማማሰል የለመደ እጅ እዚህ መታገሥ አለበት። ድንቹ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ በታች በኩል ወርቃማና ደረቅ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊት የያዘ ድንች ደግሞ ራሱ ከምጣዱ ይላቀቃል። በሰፊ ጠፍጣፋ ማንሻ አንዱን ብድግ አድርገው ይመልከቱ፤ ጠርዙ ቀልቶ፣ የከሙን ፍሬዎቹ በቅርፊቱ ላይ ተጣብቀው ከታዩ ሁሉንም ይገልብጡ፤ አሁንም ከተያዘ ግን አንድ ደቂቃ ይጠብቁት እንጂ አይቧጥጡት። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲገላበጥ በድምሩ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል።

ጨውንና ቁንዶ በርበሬውን የሚጨምሩት ከመጀመሪያው መገላበጥ በኋላ ነው። ጨው ቀድሞ ከገባ ውሃ ይስባል፣ ቅርፊቱም ይለሰልሳል። ጨዉን ከፍ አድርገው በምጣዱ ሁሉ ይበትኑት፤ አንድ ቦታ የወደቀ ጨው በኋላ ማዳረስ ድንቹን ይሰባብራል። መጨረሻ ላይ ኦቾሎኒውን ጨምረው አንድ ደቂቃ ያቆዩና ከእሳት ያውርዱ። ሎሚው የሚጨመቀው ከወረደ በኋላ ነው፤ በእሳት ላይ መዓዛው ይጠፋል፣ በብረት ምጣድ ላይም የብረት ጣዕም ያመጣል። የድንብላል ቅጠሉን ከትፈው ከላይ ይነስንሱ።

አንድ ኪሎ ድንች 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምጣድ በቅጡ ይሞላል። ለበዓል ብዙ ሰው ከመጣ መጠኑን በእጥፍ አድርጎ በአንድ ምጣድ ማጨቅ ድንቹን በእንፋሎት ያበስለዋል እንጂ አይጠብሰውም፤ በሁለት ዙር መሥራት ይገባል።

በእርጎ የሚሠራው መረቅማው

በሰሜን ሕንድ መረቅ ያለውን የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ ለአረጋውያንና ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዳቸውን ለዋሉ ሰዎችም ከደረቁ ይልቅ ይስማማል። አጀማመሩ አንድ ነው፤ ድንቹ ግን መጠበስ አያስፈልገውም። ግማሹን ድንች በእጅ ጨፍለቅ አድርገው ከቀሪው ጋር በከሙኑ፣ በዝንጅብሉና በቃሪያው ላይ ይጨምሩ፤ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍስሰው አሥር ደቂቃ ያህል ያንተክትኩት። የተጨፈለቀው ድንች መረቁን ያወፍረዋል። 250 ግራም እርጎ በማንኪያ በደንብ መትተው እሳቱን በጣም ዝቅ ካደረጉ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ እያማሰሉ ይጨምሩ።

እርጎ በሙቀት ይበጣጠሳል። በሌላ ጊዜ ሕንዶች ይህን የሚከላከሉት ጥቂት የሽምብራ ዱቄት በመጨመር ሲሆን፣ ሽምብራ ጥራጥሬ ስለሆነ በጾም ቀን አይቻልም፤ በምትኩ አንድ የሻይ ማንኪያ ሲንጋራ የሚባለውን የውሃ ውስጥ ፍሬ ዱቄት ወይም ኩቱ (በእንግሊዝኛ buckwheat) የሚባለውን ተክል ፍሬ ዱቄት ከእርጎው ጋር መምታት ይቻላል። ጨው የሚገባው ከሁሉ በኋላ፣ መረቁ ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው። እርጎው ከገባ በኋላ በኃይል መፍላት የለበትም።

ለመቀቀል ጊዜ በማይኖርበት ቀን ደግሞ የማሃራሽትራ ሴቶች ጥሬውን ድንች በሞረድ ፈቅፍቀው፣ በውሃ አለቅልቀውና ጨምቀው፣ በቅቤ፣ በከሙንና በቃሪያ ላይ ከድነው ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ ያበስሉታል፤ ኦቾሎኒና ጨው ጨምረው ወዲያው ያቀርቡታል።

ማቅረብ

በብዙ ቤቶች የሚበላው ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ አንዳንዱም ፀሐይ ከጠለቀች ወዲህ ብቻ ይቀምሳል። ስለዚህ ድንቹን ቀቅሎና ቆርጦ ማዘጋጀት ቀድሞ ይሁን፤ መጥበሱ ግን ከመበላቱ ከ20 ደቂቃ በፊት ይጀመር። ለአምላክ የሚቀርበው ከሁሉ በፊት በንጹሕ ዕቃ ተነሥቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ የተቀረው ከዚያ ወዲህ ይቆረሳል።

አብሮ የሚቀርበው ነገር እንደ ምግቡ ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጤፍ እህል ስለሆነ እንጀራ አይቀርብም፤ የስንዴ ቂጣም እንዲሁ። ከኩቱ ወይም ከራጅጊራ (በእንግሊዝኛ amaranth) ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ግን ይፈቀዳል፤ እነዚህ በዱቄታቸው እህል ቢመስሉም ከስንዴና ከሩዝ ወገን ያልሆኑ ተክሎች ፍሬ ናቸው። ይህ ካልተገኘ አንድ ጎድጓዳ ሰሐን ንጹሕ እርጎ ይበቃል፤ የቃሪያውንም ኃይል ያበርዳል። ድንች ብቻውን በባዶ ሆድ ሲበላ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ቶሎ ከፍ ስለሚያደርግ፣ የስኳር ሕመም ላለበት ጿሚ የድንቹን መጠን ቀንሶ ኦቾሎኒውንና እርጎውን ማብዛት ይሻላል፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ጾሙን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ በማቀዝቀዣ ያስገቡት። ያደረ ምግብ የማይበሉ ጾመኞች ባሉበት ቤት ግን የተረፈው ለማይጾሙት ይሰጣል፤ ሲሞቅም ያለ ክዳን፣ ቅቤ ሳይጨመር፣ በደረቅ ምጣድ ላይ ይሁን፤ ቅርፊቱ የሚመለሰው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።